የመነሻ ገንዘብ ከየት? የግል ክሊኒክ የመክፈት ታሪክ ከሻሸመኔ ሲታይ

መግቢያ

በሕክምና ትምህርት ቤት ያሳለፍናቸው ዓመታት ስለ ልብ፣ ስለ ሳንባና ስለ ጉበት ብዙ አስተምረውናል። ስለ ኪራይ ውል፣ ስለ ባንክ መያዣና ስለ ሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ግን አንድም ክፍለ ጊዜ አልነበረንም። ይሁንና ከተመራቂዎቻችን ብዙዎቹ በሥራ ዘመናቸው አንድ ቀን የግል ክሊኒክ የመክፈት ሐሳብ ይመጣባቸዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የትምህርት ዘመን ባልደረባዬ በሻሸመኔ መካከለኛ ክሊኒክ ከፍቶ በአሥራ አንደኛው ወር ዘጋ። የዘጋው ታካሚ አጥቶ አልነበረም፤ እንዲያውም በመጨረሻው ወር የመጣው ሕመምተኛ ከቀደሙት ወራት ሁሉ ይበልጥ ነበር። ያጠረው የሠራተኛ ደመወዝና የቤት ኪራይ የሚከፍልበት ጥሬ ገንዘብ ነው። ያለውን ሁሉ በቤት እድሳትና በመሣሪያ ግዢ ላይ አውሎት ነበር። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ክትትል የነበራቸው ሰዎች ካርድ በካርቶን ታሽጎ በሳሎኑ ጥግ ተቀምጦ አይቻለሁ። ከእነዚያ ሰዎች ከፊሎቹ ወደ መንግሥት ጤና ተቋም ተመለሱ። የቀሩት ክትትላቸውን የት እንደቀጠሉ፣ ወይም ቀጥለው እንደሆነ፣ ባልደረባዬም እኔም አናውቅም።

ይህ ጽሑፍ በሀገራችን ዘመናዊ ሕክምና ለመስጠት የሚያስፈልገው መነሻ ገንዘብ በየዘመኑ ከየት ይመጣ እንደነበርና ባለሙያውን ምን ላይ ይፈትነው እንደነበር በአጭሩ ለመቃኘት ይሞክራል። ታሪኩን የምንመለከተው በተለይ ከሻሸመኔ ሆነን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ እ.ኤ.አ. ተብለው ካልተለዩ በስተቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ወጪውን ሌላው የሸፈነበት ዘመን

እንደሚታወቀው ዘመናዊ ሕክምና ወደ ሀገራችን የገባው በንግድ መልክ አልነበረም። ከዐድዋ ድል በኋላ አዲስ አበባ የደረሰው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን በሀገሩ ወጪ የመጣ ነበር። በልጅነታቸው ከመቅደላ ተወስደው ህንድ ያደጉትና በላሆር ሕክምና የተማሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴም በሙያቸው ያገለገሉት የብሪታንያ አስተዳደር ደመወዝተኛ ሆነው በበርማ ነበር። ቀጥሎም በቤተ መንግሥትና በመንግሥት ስም የተከፈቱት ሆስፒታሎች ሐኪሙን ቤትና መሣሪያ አዘጋጅተው፣ ደመወዝ ቆርጠው ይቀጥሩት ነበር።

ወደ ሻሸመኔ አካባቢ ስንመጣ የምናገኘው ታሪክ ከዚህ ብዙ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሱዳን ኢንተሪየር ሚሲዮን በከተማው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የሚያክም ሆስፒታል ያካሂድ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ተቋሙ ወደ መንግሥት እጅ ገብቷል። ወደ አርሲ ነገሌ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው ኩየራም የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ነበሩት። እነዚህ ተቋማት ከታካሚው የሚያገኙት ገቢ ወጪያቸውን ባይሸፍን እንኳ ከባሕር ማዶ የሚላክ የምእመናን መዋጮ ያግዛቸው ነበር። ለሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕክምናው ረጅም፣ የታካሚው አቅምም ደካማ ነበርና።

በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያም በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። የሁለቱም ተመራቂዎች ዋና መድረሻ የመንግሥት አገልግሎት ነበር። በክፍለ ሀገር ከተሞች በግሉ የሚያክመው ብዙውን ጊዜ በመንግሥት ወይም በሚሲዮን ሆስፒታል የሠለጠነ ድሬሰር ሲሆን፣ መነሻ ገንዘቡም አንድ የኪራይ ክፍል፣ የመርፌ መቀቀያና የመድኃኒት ሣጥን የሚገዛ ያህል ነበር።

ከዚህ ዘመን የወረስነው አንድ ልማድ አለ፤ ሐኪም ስለ ገንዘብ አያስብም፣ ማሰብም አይገባውም የሚል ልማድ። በሚሲዮንና በመንግሥት ተቋም ውስጥ ይህ ክብር ያለው አቋም ነው። ሒሳቡን የሚያስብ ሌላ ሰው በጓዳ አለና። ሐኪሙ በራሱ ስም በር ሲከፍት ግን ያ ሌላ ሰው የለም።

የቤት ጉዳይ፦ ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

የ1967 ዓ.ም. ለውጥ የግል ሕክምናን በሦስት አቅጣጫ ነካው። በመጀመሪያ ባንኮችና የመድን ድርጅቶች በመንግሥት ይዞታ ሥር ገቡ። ቀጥሎ በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። በዓመቱ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 76/1968 የግል ንግድንና ኢንዱስትሪን በካፒታል ጣሪያ ገደበ።

ከሦስቱ ለባለሙያው ዘላቂ ውጤት የነበረው የቤቱ አዋጅ ነው። አዋጁ የቤት ኪራይን ቀነሰ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ቀበሌዎች፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት እንዲያስተዳድሯቸው አደረገ። አንድ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ቤት በእጁ የገባ ባለሙያ ለረጅም ዘመን የማይናወጥ ርካሽ ኪራይ አገኘ ማለት ነው። ዕድሉን ያላገኘው ደግሞ ይህ ጥቅም አልነበረውም።

ባንኮቹ ቅድሚያ የሚሰጡት ለመንግሥት ድርጅቶችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ስለነበር፣ በግሉ መሥራት የሚሻ ባለሙያ ገንዘብ የሚያገኘው ከቤተሰብና ከዕቁብ ነበር። ዕቁብ ወለድ የማይጠይቅ፣ መያዣው የዋስ ቃልና የሰው ፊት የሆነ የቁጠባ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ለክሊኒክ መነሻነት ሲታሰብ አንድ ጠባይ አለው። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ካወጣ በኋላም መዋጮውን እስከ መጨረሻው ዙር ይከፍላል። ስለዚህ ዕቁብ ለከፋቹ ስጦታ አይደለም፤ ገቢው ገና ባልደረጀበት ሰዓት በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚመጣ ቋሚ ወጪ ነው። ዛሬም ብዙ ባልደረቦቻችን ይህን ወጪ በዕቅዳቸው ውስጥ አያስገቡትም።

የምንዛሪ ጉዳይ፦ ከ1985 ዓ.ም. በኋላ

የሽግግር መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው የጤና ፖሊሲ የግሉ ዘርፍ በጤና አገልግሎት እንዲሳተፍ በር ከፈተ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 174 የጤና ተቋማት ፈቃድ የሚያገኙበትንና ቁጥጥር የሚደረግባቸውን ሥርዓት ዘረጋ። አነስተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ክሊኒክ የሚሉት ስሞች በየከተማው ታፔላ ላይ የተለመዱት በዚህ ወቅት ነው።

በሩ የተከፈተው ግን ብር ከተዳከመ በኋላ ነበር። ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.07 ብር ይመነዘር ነበር። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ምንዛሪው 5 ብር ሆነ። ዋጋው 10,000 ዶላር የሆነ አንድ መሣሪያ እናስብ። ከውሳኔው በፊት 20,700 ብር ያወጣ የነበረው ይህ ዕቃ በአንድ ሌሊት 50,000 ብር ሆነ። የታካሚው ገቢ ግን በዚያው ሌሊት አላደገም። የገጠሩ ገበሬ የድንቹንና የበቆሎውን ዋጋ በዚያው መጠን ከፍ አድርጎ አልሸጠም።

ይህ ታሪክ በእኛ ዘመን ተደግሟል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በ57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ምንዛሪ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያው የ10,000 ዶላር መሣሪያ ከ570,000 ብር ገደማ ተነሥቶ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ ሆነ። ለውጡ መሣሪያውን በመግዛት ብቻ አያበቃም። የላቦራቶሪ ሪኤጀንት፣ የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ የመለዋወጫ ዕቃ ሁሉ ከምንዛሪው ጋር ይወጣሉ። መሣሪያ ሲመረጥ የግዢ ዋጋው ብቻ ሳይሆን በወር የሚበላው ሪኤጀንትና በሚበላሽበት ጊዜ ጠጋኙ ከየት እንደሚመጣ አብሮ መታሰብ ያለበት ስለዚህ ነው።

የመያዣ ጉዳይ

አዋጅ ቁጥር 84/1986 የግል ባንኮች እንዲቋቋሙ ከፈቀደ በኋላ በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ የአነስተኛ ብድር ተቋማት አዋጅ ወጣ። በኦሮሚያ የተቋቋመው የብድርና ቁጠባ አክሲዮን ማኅበርም ከብዙ ዓመታት አገልግሎት በኋላ ወደ ሲንቄ ባንክነት ተሸጋግሯል። ስለዚህ ለአበዳሪ እጦት ምክንያት የለም ሊባል ይችል ይሆናል።

ችግሩ ያለው መያዣው ላይ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ባንክ በዋስትና የሚይዘው በቦታው ላይ ያረፈውን ቤትና የይዞታ መብቱን ነው። የሐኪም ዲፕሎማና የሙያ ፈቃድ ቤት አይተካም። በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ሐኪም በአብዛኛው የራሱ ቤት የለውም። ለመያዣ የሚቀርበው የወላጅ ቤት ይሆናል።

እኔ ራሴ ከሁለት ዓመት በፊት ይህን ጥያቄ ለእናቴ አቅርቤ ነበር። ለአፍታ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ቤቱን ካልከኝ እሰጥሃለሁ፤ ክሊኒኩ ባይሆንልህ ግን እኔ የት ሆኜ ነው የምታክመኝ?» አለችኝ። ለጥያቄዋ መልስ ስላልነበረኝ የጀመርኩትን የብድር ማመልከቻ አልጨረስኩትም።

በቅርብ ዓመታት የወጡ ሁለት ሕጎች ለዚህ ጥያቄ ከፊል መልስ ይሰጣሉ። አንደኛው በተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው፤ መሣሪያና ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ሕጋዊ መሠረት አስቀምጧል። ሁለተኛው አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተብሎ የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ነው። ይህ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ይፈቅዳል፤ በዚህም የክሊኒኩን ዕዳ ከባለቤቱ የግል ንብረት መለየት ይቻላል። ነገር ግን ባለሙያው በግሉ የዋስትና ውል ከፈረመ ልዩነቱ ይፈርሳል። ስለዚህ የሚፈረመውን ወረቀት ሁሉ አንብቦ፣ ከተቻለም ለሕግ ባለሙያ አሳይቶ መፈረም ተገቢ ነው። የመሣሪያ ኪራይ ግዢን የሚመለከተው ሕግም ከአዋጅ ቁጥር 103/1990 ጀምሮ ያለ በመሆኑ፣ ዕቃውን በአንድ ጊዜ ከመግዛት ይልቅ በየወሩ እየከፈሉ መጠቀም የሚቻልበት መንገድ መኖሩን ማጣራት አይከፋም።

የተረሳው ወጪ

ከላይ የተመለከትናቸው ዘመናት ባለሙያውን በቤት፣ በምንዛሪና በመያዣ ፈትነውታል። የባልደረባዬን ክሊኒክ የዘጋው ግን ከሦስቱ አንዱም አልነበረም። ቤት ተከራይቶ ነበር፤ መሣሪያውን ገዝቶ ነበር፤ የባንክ ዕዳም አልነበረበትም። ያላሰበው ነገር በሩ ከተከፈተበት ቀን አንሥቶ ገቢ ወጪን እስኪሸፍን ድረስ ያሉትን ወራት ነው።

ይህን በቀላል ምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። የአንድ ክሊኒክ ቋሚ ወጪ፣ ማለትም ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራት፣ ውኃና ጥበቃ፣ በወር 180,000 ብር ነው እንበል። ከአንድ ታካሚ የአላቂ ዕቃ ወጪ ተቀንሶ የሚተርፈው 300 ብር ይሁን። ወጪውን ለመሸፈን በወር 600 ታካሚ፣ በ25 የሥራ ቀናት ሲካፈል በቀን 24 ታካሚ ያስፈልጋል። ክሊኒኩ በመጀመሪያው ወር በቀን 6 ታካሚ አይቶ፣ ከዚያ በየወሩ የቀኑ ታካሚ በ3 ቢጨምር፣ 24 የሚደርሰው በሰባተኛው ወር ነው። እስከዚያ ያሉት የስድስት ወራት ጉድለት ሲደመር 472,500 ብር ይሆናል። ጭማሪው በ3 ፈንታ 2 ቢሆን ደግሞ ክሊኒኩ 24 ላይ የሚደርሰው በአሥረኛው ወር ሲሆን፣ ጉድለቱ 675,000 ብር ይደርሳል። በዚህ ስሌት ውስጥ የሐኪሙ የራሱ የቤት ወጪ፣ የዕቁብ መዋጮውና የብድር ክፍያው አልገቡም።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው በሁለቱም ስሌት ክሊኒኩ እያደገ መሆኑ ነው። ባለቤቱ በየወሩ ተጨማሪ ታካሚ እያየ፣ በየወሩ ኪሱ እየሳሳ ይሄዳል። የውጭ ተመልካች «ሥራው ሞቅ ብሎለታል» ሊል ይችላል። ባልደረባዬም ሲዘጋ ሰው ሁሉ የገረመው በዚህ ምክንያት ነው።

የሻሸመኔ ጠባይ

ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ በዝዋይና በአርሲ ነገሌ የሚመጣው መንገድ ወደ ሐዋሳና ሞያሌ፣ ወደ ኮፈሌና ባሌ፣ ወደ ሃላባና ሶዶ ይከፋፈልባታል። የከተማው ነዋሪ በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ከ50 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን በ1999 ዓ.ም. ከ100 ሺህ በላይ ሆኗል። ይህን ዕድገት የሚያይ ባለሙያ ታካሚ አይጠፋም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን በዕቅዱ ውስጥ ማስገባት አለበት።

አንደኛ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት ሐዋሳ አለች። ከፍ ያለ ምርመራ የሚፈልግና የመክፈል አቅም ያለው ሕመምተኛ ወደዚያ መሄድን ለምዷል። በሻሸመኔ የሚከፈት መካከለኛ ክሊኒክ ከሐዋሳ ጋር በመሣሪያ ከመወዳደር ይልቅ በየዕለቱ የሚመጣውን ሕመም በሚገባ ማከም ይበጀዋል።

ሁለተኛ፣ ከሲራሮ፣ ከሻላና ከኮፈሌ የሚመጣው ገበሬ ገንዘብ የሚኖረው ምርቱን በሸጠ ጊዜ ነው። በስምጥ ሸለቆ ወባ የሚበረታው ከክረምት መውጫ እስከ ኅዳር ሲሆን፣ የእህሉ ምርት የሚሰበሰበውም ከዚያ ተከትሎ ነው። በሰኔና በሐምሌ ግን ዘርና ማዳበሪያ የገበሬውን ኪስ ባዶ ያደርጉታል። በሰኔ የሚከፈት ክሊኒክ ጉዞውን የሚጀምረው በዓመቱ እጅግ ደረቅ በሆነው የገንዘብ ወቅት ነው።

ሦስተኛ፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ኦሮሚያን ጨምሮ በአራት ክልሎች በሙከራ ከተጀመረ ወዲህ በስፋት ተዳርሷል። አባላቱ በዋነኝነት የሚታከሙት በመንግሥት ተቋማት ነው። ይህ ለሕዝቡ መልካም ነገር ነው፤ ለአዲሱ ክሊኒክ ግን የገጠሩ ታካሚ በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ የመታከም ምክንያቱ መቀነሱን ያመለክታል።

የኪራይ ቅድሚያ ክፍያም መዘንጋት የለበትም። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ የወሰነው ለመኖሪያ ቤት ነው። ለክሊኒክ የሚከራይ ቤት በዚህ ስለማይሸፈን አከራዩ የስድስት ወር ወይም የዓመት ክፍያ ቢጠይቅ የሚከለክለው የለም። የጤና አገልግሎትም ከ1994ቱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ጀምሮ ከዚህ ታክስ ነፃ ነው። ክሊኒኩ ከታካሚው ታክሱን ባይሰበስብም፣ ለገዛው ዕቃ የከፈለውን ግን ማስመለስ አይችልም። ስለዚህ የዕቃ ዋጋ ሲሰላ ታክሱ ጭምር እንደ ወጪ ይያዛል።

ማጠቃለያ

ታሪኩን ጠቅለል አድርገን ስናየው፣ በሚሲዮኑና በመንግሥት ሆስፒታሉ ዘመን ሐኪሙ በነፃነት ያከመው ጉድለቱን የሚሸከም ሌላ አካል ስለነበረ ነው። ዛሬ ያን ጉድለት የሚሸከመው ከፋቹ ራሱ ነው። ጉድለቱ መኖሩ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲሱ ነገር ተሸካሚው መለወጡ ነው።

ስለዚህ ክሊኒክ ለመክፈት ለሚያስብ ባልደረባ የዕቅዱን ቅደም ተከተል እንዲገለብጥ እመክራለሁ። ብዙዎቻችን በመሣሪያ ዝርዝር ጀምረን፣ ቤት ፈልገን፣ የተረፈውን ገንዘብ ለሥራ ማስኬጃ እንተዋለን። መጀመር ያለበት ግን ከመጨረሻው ነው። በትንሹ የአሥር ወር ጉድለትን የሚሸፍን ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ። ከእርሱ በተረፈው የኪራይ ቅድሚያ ይከፈል። ከዚያ በተረፈው ደግሞ የደረጃው መስፈርት ግድ የሚላቸው መሣሪያዎች ብቻ ይገዙ። የቀረው ዕቃ ክሊኒኩ ራሱ ባፈራው ገቢ ይምጣ። ገንዘቡ ለዚህ ቅደም ተከተል የማይበቃ ከሆነ አነስ ባለ ደረጃ መጀመር ወይም ከባልደረባ ጋር መጣመር የሚያሳፍር አይደለም።

በመጨረሻም የመዝጊያ ዕቅድ አብሮ ይጻፍ። የተቀመጠው ገንዘብ ሁለት ወር ብቻ ሲቀረው ምን እንደሚደረግ፣ የክትትል ሕመምተኞች ካርድ ለየትኛው ተቋም እንደሚተላለፍ ከመክፈቻው ቀን በፊት ይወሰን። የደም ግፊት መድኃኒቱን ከእኛ እጅ የለመደ ሰው በእኛ የሒሳብ ስህተት ክትትሉ ሊቋረጥበት አይገባም።

እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ስሌት መሠረት መቆጠብ ከጀመርን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። የእናቴ ቤት በመያዣው ዝርዝር ውስጥ የለም። የመክፈቻውን ወር መስከረም አድርገነዋል፤ የትኛው መስከረም እንደሚሆን የሚወስነው ግን የባንክ ደብተራችን ነው።